ሐሪድ ከመምጣቱ በፊት፦ ስለ ማገዶ፣ ስለ ሚፋና ስለ ጢሱ

በጂዛንና በድንበር ከተሞች በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶች የተደረገ ንግግር

 

ዛሬ ስለ ማገዶ ተናገሪ ተብያለሁ። ርእሱን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። «ማገዶ ደግሞ ትምህርት ያስፈልገዋል? እኛ እኮ እንጨት ለቅመን፣ ኩበት ጠፍጥፈን ያደግን ነን» የምትል አትጠፋም። እውነቷን ነው። ወሎም፣ ጎጃምም፣ ትግራይም፣ አርሲም ያደገች የገጠር ልጅ ሸክምን በልጅነቷ ነው የምታውቀው። ነገር ግን እዚህ እንጨቱ ሌላ ነው፣ ምድጃው ሌላ ነው፣ ሕጉም ሌላ ነው። ደግሞ እዚህ እሳቱን የምታነዱት በራሳችሁ ጓዳ አይደለም። በሩን ክፈቺ ዝጊ የሚል ሌላ ሰው ነው። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እመለስበታለሁ።

ዛሬ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። መጋቢት እየተጋመሰ ነው። በእኛ አገር በልግ የምንለው ወቅት ነው፤ እዚህ ደግሞ ዓሣው የሚመጣበት ነው። ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። ከጂዛን ወደብ በባሕር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ፈረሳን የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኔስኮ የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቧቸዋል። በትልቁ ደሴት ላይ ሐሲስ በሚሉት ዳርቻ በየዓመቱ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ፣ ጨረቃ ሙሉ ከሆነች በኋላ ባሉት ቀናት፣ ሐሪድ የሚባለው ዓሣ በመንጋ ወደ ጥልቀት የሌለው ውሃ ይገባል። አፉ እንደ በቀቀን ምንቃር ነው፤ በባሕር ውስጥ ካለው የኮራል ድንጋይ ላይ አረንጓዴውን እየፋቀ ይበላል። ሽማግሌዎቹ ዓሣ አጥማጆች መምጣቱን ሳያዩት በባሕሩ ሽታ እናውቃለን ይላሉ። ከዚያ በመረብ ከበው ወደ ዳር ይገፉታል፤ ምልክት ሲሰጥ ሕዝቡ ሁሉ እየሮጠ ይገባና ያፍሳል። ትልቅ በዓል ነው፤ መንግሥትም ያከብረዋል። የሚገርማችሁ፣ ስሙ በዓለም የሳይንስ መጽሐፍ ውስጥም እንደ ዐረቦቹ አጠራር ሐሪድ ተብሎ ነው የተጻፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1775 በታተመ መጽሐፍ።

እንግዲህ ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ የቆያችሁት ታውቃላችሁ። ዘመድ ከሪያድ ከጅዳ ይመጣል። በበረዶ የተሞላ ሣጥን ይወርዳል፤ ማታ ማታ ቅርፊት ስንፍቅ እናመሻለን። ጾሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚሁ ወራት ነው፤ ጨውን ቅመሺ ስትባሉ የምትቸገሩትን አውቃለሁ። «ሷይማ» በሉ፤ እነሱም ጾምን ያውቃሉ፣ አብዛኞቹ ያከብሩታል። ሚፋው ደግሞ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይነድዳል። በሌላው ወር በጋዝ የሚያበስለው ቤት ሁሉ በዚህ ሰሞን ዓሣው በእንጨት ካልበሰለ አይጥመውም። ስለዚህ ማገዶው መዘጋጀት ያለበት ዓሣው ከመጣ በኋላ ሳይሆን ዛሬ፣ ሦስት አራት ሳምንት ቀድሞ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ። ሃይሉክሱ መጥቶ ግቢው ውስጥ ገልብጦት ሲሄድ ቶሎ ብላችሁ አትከምሩት፤ መጀመሪያ ለዩት። ሰመር የሚሉት የግራር ዓይነት ነው፤ ከባድ ነው፣ ቶሎ አይያያዝም፣ ከተያያዘ ግን ፍሙ ይቆያል። ለዓሣ የሚሆነው እሱ ነው። ሲድር የሚሉት የእኛው ቁርቁራ ነው፤ እሱም ጥሩ ነው፣ እሾሁን ግን ተጠንቀቁ። ቀጫጭኑን ጭራሮ ለብቻው አድርጉት፤ ለመለኮሻ ነው። ከመሐል ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ እንደ ቡሽ የቀለለ ካገኛችሁ ዑሸር የሚሉት ነው፤ በእኛ ቆላ ጦቢያ ይባላል። እሱን አውጥታችሁ ጣሉ። ማገዶነቱ እዚህ ግባ አይባልም፣ ወተቱ ግን ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል። በነካችሁበት እጅ ዓይናችሁን አትሹ፤ ከነካም ወዲያው በብዙ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ እጠቡና ሐኪም ቤት ውሰዱኝ በሉ።

የደረቀውን ከእርጥቡ መለየት ቀላል ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ስታነዱት እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ ያፈላል እንጂ ሚፋውን አያሞቅም፤ ጢሱ የሚበዛውም ለዚህ ነው። የደረቀው ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ መስመር አለው፣ ልጡ በእጅ ሲይዙት ይላቀቃል፣ ሲያነሱት ካሰቡት ይቀላል። እናቴ ሁለት ፍልጥ አጋጭታ ድምፁን ታዳምጥ ነበር። የደረቀው «ቋ» ይላል፤ እርጥቡ እንደ ታፈነ ሰው ድምፅ ነው። እኔ የጣና ዳር ልጅ ነኝ፤ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የደንገል ታንኳ እንጨት ተሸክሞ ሲመጣ እያየሁ ነው ያደግሁት። ዓሣ የሚያመጣውም እንጨት የሚያመጣውም ያው ታንኳ ነው። በጀልባ ተሻግሮ የሚመጣ እንጨት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት አያጣውም፤ ስለዚህ ገዢዋ ሳታጋጭ አትገዛም ነበር። እርጥብ ሆኖ ከመጣ ለማዳም ንገሯት፦ «አልሐጠብ ረጥብ፣ ዱኻን ከቲር» በሏት። ዛሬ ካልነገራችሁ በበዓሉ ቀን እንግዳ ፊት «ለምን ጨሰ?» የሚባለው በእናንተ ነው።

አከማመሩ ላይ ሁለት ነገር ብቻ አስቡ፤ አየርና ተባይ። የጂዛን ዳርቻ አየር እርጥበት ስለሚይዝ መሬት ላይ የተኛ እንጨት አይደርቅም። ከታች ሁለት ብሎኬት ወይም ሁለት ረጅም ግንድ አድርጉና ከዚያ ላይ ደርድሩ። ግድግዳ ላይ አታስጠጉት፤ አንድ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። ከላዩ ብቻ በሸራ ይሸፈን፣ ጎኑ ክፍት ይሁን። ዙሪያውን በፕላስቲክ የጠቀለለች እህት እንጨቷን እየቀቀለችው ነው። መሬት የነካው ደግሞ የምስጥ ነው። ከወገብ በላይ አትከምሩ፤ የቤቱ ልጆች ይወጡበታል፣ ሲናድ ጠያቂው ለእናንተ ነው።

ተባይ ያልኩት ምስጡን ብቻ አይደለም። ጊንጥ የእንጨት ክምር ይወዳል። ከሳምጣ፣ ከአል-ሐርስ፣ ከአል-ዓሪዳ፣ በተለይ ደግሞ ከተራራው ከፈይፋና ከአድ-ዳኢር የመጣችሁት እባብም እንዳለ ታውቃላችሁ፤ እፉኝት በዚህ አገር ተራራም ቆላም አለ። ስለዚህ ከክምሩ እንጨት ስታነሡ ከላይ ጀምሩ፤ እጃችሁን ወደማታዩት ቀዳዳ አትስደዱ። መጀመሪያ በረጅም ዱላ መታ መታ አድርጉት። በማታ ያለ መብራት አትሂዱ፤ የስልካችሁ መብራት ይበቃል። በነጠላ ጫማም አትሂዱ። ከተነደፋችሁ አትቁረጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አትሰሩት። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳታንቀሳቅሱ፣ ቀለበትና አምባር አውልቃችሁ፣ ወደ ሐኪም ቤት። የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ስልክ 997 ነው፤ ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ስለ ፈለጣው ብዙ አልናገርም። አብዛኛው ቤት የተፈለጠ ይገዛል ወይም ወንድ ሠራተኛ ይፈልጣል። ግን «ምሳሩ ያውልሽ» የተባላችሁ አላችሁ፤ ጠይቄ አውቄያለሁ። የምትፈልጡ ከሆነ ከሥር ጉቶ ይኑር፣ እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ፤ የሳተ ምሳር በእግሮቻችሁ መሐል መሬት እንጂ ቅልጥም እንዳያገኝ። ስንጥቁን ተከትላችሁ ምቱ፤ ጉጥ ያለበትን ተዉት፣ እንዳለ ይነድዳል። ይህን ስል ግን አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ አገር የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪው ሠራተኛዋን ጤናዋን ወይም አካሏን የሚጎዳ አደገኛ ሥራ እንዳያዛት ይከለክላል። ለሌላ ሰው እንዳያከራያትም ይከለክላል። በበዓል ሰሞን «የእህቴ ቤት ሂጂና ሚፋውን አንድጂላቸው» የምትባሉት፣ ይህን ማወቅ ይበጃችኋል። ደንብ መኖሩ ሁልጊዜ ይከበራል ማለት አይደለም፤ ወረቀት የሌላት እህት ደግሞ የምትከራከርበት አፍ የላትም። ቢሆንም «አልችልም፣ ከበደኝ» ስትሉ ያልተገባ ነገር እየጠየቃችሁ እንዳልሆነ ልባችሁ ይወቀው።

የማይነድድ ነገርም አለ። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ የፈረሰ ቁም ሣጥን፣ የተጣበቀ ኮምፖርሳቶ፣ የግንባታ ፍርስራሽ ሚፋ ውስጥ አይገባም። ቀለሙና ሙጫው ሲቃጠል መርዝ ነው፤ ጢሱን እናንተ ትስቡታላችሁ፣ ቀሪው ዓሣው ላይ ያርፋል። ፕላስቲክ ከረጢት ለመለኮሻ የምትጠቀሙ አላችሁ፤ ተዉት። ቤንዚንማ ጭራሽ። ሁለት ካርቶን ቁራጭና አንድ እፍኝ ጭራሮ ይበቃል።

ሚፋው እንግዲህ የሸክላ በርሜል ነው፤ ከላይ አፉ ክፍት፣ ከታች አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው። ታችኛው ቀዳዳ በአመድ ከተደፈነ ጢስ እንጂ እሳት አይኖርም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት እሱን ጥረጉ። እሳቱ ሲያያዝ የውስጡ ግድግዳ በጥላሸት ይጠቁራል። አትቸኩሉ። ሙቀቱ ሲበረታ ያው ጥላሸት ራሱ ይቃጠልና ግድግዳው ወደ ነጭነት ይመለሳል። ያን ጊዜ ደርሷል። ነበልባሉ ይውረድ፣ ፍሙ ይቅር፣ ከዚያ ዓሣው ይግባ፣ ክዳኑ ይገጠም። በነበልባል የገባ ዓሣ ቆዳው ይከሰላል፣ አጥንቱ ጋ ግን ጥሬ ነው። ወንጌሉ ላይ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ ዓሣና እንጀራ ያዘጋጀበትን ታሪክ ታስታውሳላችሁ፤ እዚያም የተጻፈው ነበልባል አይደለም፣ ፍም ነው። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ዓሣ ማብሰል የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው እላለሁ።

ዛሬ እንድትሰበሰቡ የፈለግሁበት ዋናው ጉዳይ ግን ይኸው ፍም ነው። ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ስለዚህ ሰው ይሸሸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ በሽታው ቀስ ብሎ ሳንባንና ልብን የሚበላ ነው። ፍም ግን አይጨስም። ቀይ ሆኖ፣ ንጹሕ መስሎ ይቀመጣል። እኛም «ጢሱ አልቋል» ብለን እናምነዋለን። በዚያን ሰዓት ከፍሙ የሚወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር አለ። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ደማችን ውስጥ አየር ተሸካሚ የሆነውን ነገር፣ ከምንተነፍሰው ጥሩ አየር ከ200 ጊዜ በላይ በረታ አድርጎ ይይዘዋል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ደረቱ ይንቀሳቀሳል፣ ደሙ ግን አየር አይደርሰውም። አገራችን በክረምት ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው በጠዋት ያልተነሡ ቤተሰቦችን ዜና ሰምታችኋል። ያ ነው።

እዚህ እንዴት ይመጣል? በሦስት መንገድ ነው ያየሁት። አንደኛው፣ ሚፋው ጣሪያ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ በታጠረች ጠባብ ክፍል ሲሆንና እንግዶች ስላሉ በሩ ሲዘጋ ነው። ሁለተኛው፣ ከሚፋው የተረፈ ፍም ለቡናና ለቡኹር ተብሎ ወደ ቤት ሲገባና መስኮቱ ለኤሲ ሲዘጋ። ሦስተኛው የተራራው ነው፤ ፈይፋና በኒ ማሊክ በልግ ላይ ዝናብ አለ፣ ሌሊቱ ይበርዳል። የሠራተኛዋ ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው፤ ፍሙን በብረት ሰሃን ይዛ ትገባለች። እህቴ፣ ይህን አታድርጊ። ብርዱን በሁለት ብርድ ልብስ ቻዪው፣ ለማዳም «በርደኝ» በያት፣ ቢያስፈልግ ልብስሽን ሁሉ ደራርበሽ ተኚ። ፍም ይዘሽ ግን አትተኚ። ውሃ በሰሃን አጠገቡ ማኖር ይበጃል የምትል አለች፤ አይበጅም። በሩን ገርበብ ማድረግም አይበቃም።

ምልክቱን ያዙ። ራስ ምታት ይጀምራል፣ ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት። ድካም ይመስላል፤ በጾም ላይ ያለች «ረሃቡ ነው» ትላለች፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም «ጽንሱ ነው» ትላለች፤ ለእሷና ለልጇ ግን ከሁሉም ይበልጥ አደገኛ ነው። መለያው ይህ ነው፦ ከክፍሉ ስትወጡ የሚሻላችሁ፣ ስትመለሱ የሚብስባችሁ ከሆነ፣ ወይም አብረዋችሁ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ሌላ አትጠርጥሩ። ውጡ። ፈቃድ አትጠይቁ፣ ዓሣው ይቃጠል። ልጆች ካሉ አውጧቸው፤ ከዚያ በኋላ ንገሩ፦ «ራሲ ዩውጂዕኒ፣ ኢፍተሒ አልባብ»። የወደቀ ሰው ካለ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ጎትታችሁ ወደ ውጭ አውጡትና 997 ይደወል። እሳት ከተነሣ ደግሞ የሲቪል መከላከያው 998 ነው። የቤቱ እመቤት በሩን ዝጊ ስትል ለክፋት አይደለም፤ ኤሲው እንዳይባክን፣ ጢሱ እንግዳ እንዳይነካ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ፣ በሰላም ቀን፣ የእሷም ልጆች በዚያው ቤት እንደሚተኙ አስታውሷት። እኔ ያየሁት፣ ይህን የሰማች እናት ሳትከራከር መስኮት ትከፍታለች።

ለቃጠሎ፦ ናይሎን ቀሚስ ለብሳችሁ ሚፋ አፍ ላይ አትጎንበሱ፤ ናይሎን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ልበሱ፣ ሻርፓችሁን ወደ ኋላ እሰሩ፣ እጅጌያችሁን ሰብስቡ። ከተቃጠላችሁ 20 ደቂቃ ሙሉ በቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ ያዙት። እዚህ የጣሪያ ታንከር ውሃ ቀን ላይ ራሱ ትኩስ ነው፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ የመጠጥ ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት፣ በረዶ ግን አታስቀምጡበት። ኮልጌት፣ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት አይቀባም።

አሁን ስለ ውጭው እንጨት። «ወደ ዋዲው ወርደሽ ትንሽ ሰብስቢ» የምትባሉ አላችሁ፣ ከእረኞቹ ወንድሞቻችንም «ቆርጣችሁ ጫኑ» የሚባሉ አሉ። በዚህ አገር የቆመ ዛፍ መቁረጥና የአገር ውስጥ እንጨት መነገድ ወይም ማጓጓዝ የተከለከለ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ልዩ ኃይል የሚባሉ ፖሊሶች ይዘው፣ ለተጓጓዘው እንጨት በአንድ ሜትር ኩብ እስከ 16,000 ሪያል ይቀጣሉ። ከፊሉ ይከፍላል፣ የተያዘው ሠራተኛ ግን ኢቃማ ከሌለው መጨረሻው ወዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሕጉን ጨካኝ የሚያደርገው እንጨቱ ማለቁ ነው፤ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ ገና በጠዋቱ ማገዶ አልቆባት አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ነበር፤ ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። ደጋውን አማራ ከላይ ሲያዩት ደን የቀረው በየደብሩ ዙሪያ ነው፤ ካህናቱና ምእመኑ አታስነኩ ስላሉ።

ከሕጉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ቦታው ነው። አጥ-ጡዋልን፣ አል-ሐርስን፣ አድ-ዳኢርን አልፎ ያለው ተራራና ዋዲ ድንበር ነው። ብዙዎቻችን በእግር የመጣንበት መንገድ ነው፤ የቀሩትን ስማቸውን በልባችን የያዝን አለን። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ በዚያ ድንበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን ጽፏል፤ የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። እኔ በዚህ አልከራከርም። የምለው፣ ከሩቅ ሲያዩሽ እንጨት የተሸከመች የቤት ሠራተኛ መሆንሽን የሚያውቅ የለም። ላኩሽ ቢሉሽ «ሕዱድ ነው፣ እፈራለሁ» በይ። ከቤቱ ሰው አንዱ ካልሄደ አንቺም አትሂጂ። ገበያ ላይ በከረጢት የሚሸጥ ከውጭ የመጣ እንጨት አለ፤ ለበዓል ዓሣ በሣጥን የሚገዛ ቤት ለእሱም አያጣም።

የቀረኝ አመዱ ነው። ማታ ሁሉም ካለቀ በኋላ ደክሟችሁ አመዱን በፕላስቲክ ባልዲ ዝቃችሁ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ላይ የምትደፉ አላችሁ። ከላይ ግራጫ ሆኖ ከውስጥ ረመጥ ነው፤ በማግስቱም እሳት ሊኖረው ይችላል። ሚፋው ውስጥ ይደር፣ አፉና የታችኛው ቀዳዳ ይዘጋ። ጠዋት በብረት ዕቃ አውጡት፣ ውሃ አርከፍክፉበት፣ በእንጨት አገላብጡና እንደገና አርከፍክፉ። እጃችሁን ከላዩ ስታሳልፉ ሙቀት ካልተሰማችሁ ያን ጊዜ ይደፋል። ጥቂቱን ግን ለድስት ማጠቢያ አስቀሩ፤ የዓሣ ቅባት እንደ አመድ የሚያወጣው የለም፣ ማዳምም ሳሙናው ቶሎ አለቀ ብላ አትቆጣም።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ፤ በሰው ፊት የምታፍሩ ከሻዩ በኋላ ለብቻ ኑ።